ከጉንደ ወይን በእግሬ የሄድኩ ዕለት

ምን ትሠራለህ ሲሉኝ ቶሎ አልመልስም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ መምህር ነኝ ያለ ነገሩ እዚያው ያልቅለታል። እኔ ግን ኢኮ ቱሪዝም አሠለጥናለሁ ማለት አለብኝ፤ ከዚያ ማስረዳቱ ይመጣል። ሰው አገር ሊያይ ሲወጣ ተፈጥሮውን ሳይጎዳ፣ በተቻለ መጠን በእግሩ፣ ገበሬው የሚበላውን እየበላ፣ ገበሬው ቤት እያደረ፣ ቆሻሻውን ይዞ እየተመለሰ... እዚህ ላይ ስደርስ ጠያቂዬ ይስቃል። ታዲያ ይኼ የእኛው ኑሮ አይደል እንዴ ይለኛል። ነው።

ከሁሉም የባሰችው እታለም ነበረች። እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ነው። እናታችን በጊዜ ስለሞተችብን ያሳደገችኝ፣ ተማሪ ቤት የሰደደችኝ እሷ ናት። የምትኖረው ከመርጡለ ማርያም ወዲህ ባለች አንዲት መንደር ነው። አንድ ጊዜ የጮቄን ተራራ፣ ጅባራ የሚባለውን የደጋ ተክል፣ ምንጩን በስልኬ እያሳየኋት ሰው ከባሕር ማዶ ድረስ ይኼን ሊያይ ይመጣል አልኳት። እዚያ ዘመድ አላቸው ወይ አለችኝ። የላቸውም። ታመው ጠበል ፍለጋ ነው? አይደለም። ተከሰው ሸሽተው ነው? ኧረ አይደለም! እንግዲያ እዚያ ብርድ ላይ ምን ቀርቷቸው ነው አለችና ስልኬን መለሰችልኝ። ለዚህ ሥራ ደመወዝ እንደሚከፈለኝ ስነግራት ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለማንም እንዳልናገር መከረችኝ።

ባለፈው ጥቅምት መባቻ እታለም ታማለች የሚል መልእክት ደረሰኝ። ስልክ በዚያ ወገን እንደ ልብ አይሠራም፤ ወሬ የሚመጣው በሰው አፍ ነው። መልእክተኛውን አጥብቄ ጠየቅሁት። ተኝታ በዓይኑ አይቷታል፤ ወንድሜን ጥሩልኝ ስትልም ሰምቷታል። ደርሼ እጇን መያዝ ነው የፈለግሁት። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

አውቶቡሱ ጉንደ ወይን አደረሰኝና ቆመ። ከዚያ ወዲያ መኪና የለም። ለምን የለም አትበሉኝ፤ መንገዱ አንድ ሰሞን ይዘጋል፣ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ ሲከፈት ደግሞ ነዳጁ ይጠፋል። እናንተም ታውቁታላችሁ። እዚያው አድሬ በማግሥቱ ጧት በእግሬ ተነሣሁ። አገራችን ሳታውቀው ሁላችንንም ኢኮ ቱሪስት አድርጋናለች ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

አገሩ እንዴት ያምር እንደነበር ብነግራችሁ! ጤፉ ማሸት ጀምሯል፤ አደይ አበባው ከእርሻው ዳር ገና አልረገፈም። ልብ ሲጨነቅ አገር እንዲህ ማማሩ ያናድዳል። ቢሆንም የልማድ ነገር ሆኖ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሣሁ። ከነዚያ ፎቶዎች አንዱ ዛሬ ቢሮአችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የገባ ሁሉ ያደንቀዋል። እኔ ወንበሬን አዙሬ ነው የምቀመጠው።

ረፋዱ ላይ አቶ መንግሥቴ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ከፊት ለፊቴ መጡ። እንደ አገሩ ደንብ የማን ነህ፣ ወዴት ነህ አሉኝ። ነገርኳቸው። ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከዚያ "እኔም ወደዚያው ነኝ" አሉና ፊታቸውን አዙረው ከእኔ ጋር መሄድ ጀመሩ። ሰውዬው እኮ የመጡት ከዚያው ነው! ቦርሳዬንም ካልያዝኩልህ ብለው ነጠቁኝ። እታለምን ያውቋት እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ማን የማያውቃት አለ ብለው ወሬውን ወደ ጤፉ አዞሩት። እኔ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ነፃ አስጎብኚ አገኘሁ! ለሚቀጥለው ሥልጠና ጥሩ ምሳሌ ይሆነኛል።

ምሳ ሰዓት ላይ ዘመዴ ናቸው ብለው እትዬ ስንዱ የሚባሉ ሴት ቤት ወሰዱኝ። ሴትዮዋ ደጅ ቆመዋል፤ ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀዋል። አቶ መንግሥቴ ቀደም ብለው በጆሯቸው አንድ ነገር አሏቸው። ሴትዮዋ ወደ ጓዳ ገብተው ሲመለሱ ነጠላው ተስተካክሏል። አየሁ። ለእንግዳ ክብር ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ራሴም አመነኝ።

እግሬን አጠቡኝ። ሽሮው ላይ ቅቤ ጨመሩበት። በእጃቸው አጎረሱኝ። አንድ ነገር ግን ገረመኝ፤ እንግዳ እያጎረሰ "በሞቴ" የማይል ሰው አይታችኋል? እሳቸው ቃሉ ከአፋቸው ጫፍ ደርሶ ይመለሳል እንጂ አልወጣም። ይልቅ ድገም፣ ይኼን ጨምር፣ ጠላውን ቅመስ እያሉ ያዙኝ። እንጀራ ሊደግሙልኝ ሲነሡ ኧረ ጠግቤያለሁ አልኳቸው። ልሂድ፣ እህቴ ታማ እየጠበቀችኝ ነው። ትንሽ ቁጭ በል እንጂ፣ ምን ያጣድፍሃል አሉኝ። ቅር አለኝ። የታመመ ለሚጠይቅ ሰው ምን ያጣድፍሃል ይባላል?

አመሻሽ ላይ ደረስን። አቶ መንግሥቴ ወደ እታለም ቤት ሳይሆን ወደ አጎቴ ቤት አዞሩኝ። ደክሞሃል፣ እዚህ እረፍና ጧት ትገባለህ አሉኝ። የታመመ ሰው በምሽት አይረበሽም ብዬ እሺ አልኩ። ሊነጋጋ ሲል ቄሱና የመንደሩ ሽማግሌዎች ገብተው ቆሙ። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። እታለም የተቀበረችው እኔ ጉንደ ወይን በገባሁበት ዕለት ነው። አቶ መንግሥቴም መንገድ ላይ ያገኙኝ ለቅሶዋ ላይ አድረው ሲመለሱ ነበር።

በእኛ ዘንድ ለመንገደኛ መርዶ አይነገርም። ብቻውን ሜዳ ላይ ይወድቃል ተብሎ ይፈራል። ዘመድ ባለበት ቤት፣ ጧት፣ ሰው ከቦት ነው የሚነገረው። ይኼን አጥቼው ነው? ስንቱን ሰው ራሴ ምሳ ጋብዤ፣ እያሳሳቅሁ፣ መርዶው ቤት ድረስ ሸኝቻለሁ! በራስ ሲመጣ ግን ሰው እንዴት ያለ ደንቆሮ ይሆናል? ያን ሁሉ አጀብ እኔ የመስተንግዶ ባህል ብዬ ስም አወጣሁለት። እታለም ብትሰማ ምን ያህል ትስቅብኝ ነበር። አንጀቴን የሚበላኝ ይኼ ነው።

ሣልስቷ ከዋለ በኋላ በዚያው መንገድ ተመለስኩ። እትዬ ስንዱ ደጅ ስደርስ ነጠላቸው እንደገና ተዘቅዝቋል። አብረን አለቀስን። ለቅሶው በረድ ሲል ተቆጣኋቸው። እህቴ አፈር ውስጥ ሆና ድገም ጨምር ማለት ምን የሚሉት ጭካኔ ነው አልኳቸው።

አልተቀየሙኝም። "ልጄ፣ መንደሩ ሁሉ ቀብሯታል። በሕይወት የነበረችው አንተ ዘንድ ብቻ ነው። እዚህ እስከተቀመጥክ ድረስ ትኖራለች ብዬ እኮ ነው" አሉኝ።

እኔ ግን ያን ዕለት ጠግቤያለሁ ብዬ ተነሣሁ።