ዘነበች ያስቆጠረችው ድምፅ

ዘነበች የበደለችኝ ከአስራ አንድ ዓመት በፊት፣ የእድራችን ሊቀመንበር በተመረጠበት እሑድ ነው። እኔ እጩ ነበርኩ። አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየ እጇን አውጥታ ድምጿን ለሌላዋ ሴትዮ ሰጠች።

የሚያውቁኝ ሁሉ ይህን ታሪክ ሰምተውታል። አንዳንዶቻችሁ ሁለት ሦስቴ።

ባለፈው ሳምንት ይህችው ሴት ያደረገችውን ግን ብነግራችሁ አታምኑኝም። እኔም ገና አላመንኩም።

ዘነበችና እኔ ከሱዳን አብረን ነው የመጣነው። ልጇን ሶስናን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ያኔ ቬጋስ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረን ሎስ አንጀለስ ድረስ ነድተን አስጠመቅናት። በረሃውን ሙሉ ሕፃኗን ያቀፍኳት እኔ ነኝ። ቀሚሴ ላይ ሁለቴ አስመልሳብኛለች።

እንዲህ ባለ ሰው ላይ እጅ ይወጣል?

ከዚያ እሑድ ወዲህ ሰላምታ ነሳኋት። እሷም ከከተማው ማዶ፣ ሰመርሊን የሚባል የሀብታም ሰፈር ቤት ገዝታ ሄደች። እኔ እዚሁ ሰንራይዝ ማነር አለሁ።

ሶስና ግን እኛ ሰፈር ቀረች። አግብታ ወለደች። ዘንድሮ፣ ትምህርት ቤት በኮቪድ ተዘግቶ ልጆች ላፕቶፕ ላይ ተደፍተው በሚውሉበት ዓመት፣ ለትምህርት ቦርድ ተወዳደረች። ስሟ የተጻፈበት ሰማያዊ የቅስቀሳ ሳይን በየመንገዱ ጥግ ተተከለ። ሥራ ስሄድ አየዋለሁ፣ ስመለስ አየዋለሁ። የሚታየኝ ግን የእናቷ ፊት ነበር።

የምርጫ ወረቀቱ ዘንድሮ በፖስታ እስከ ቤቴ ድረስ መጣልኝ።

ኃጢአቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከሶስና ጋር አንድ ሰውዬ ይወዳደራል። ስለሱ የማውቀው ጢም እንዳለው ብቻ ነው። መረጥኩት። በጥቁር እስክሪብቶ፣ ክቧን ሞልቼ፣ ቀስ ብዬ። እጅ ማውጣት የለ፣ የሚያይ የለ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ መርጬ አላውቅም።

ከዚያ ፖስታው ላይ ፈርሙ ይላል። መንጃ ፈቃድ ላወጣ ዲኤምቪ ሄጄ የማሽን መስታወት ላይ የጫርኳት ፊርማ አለችኝ፤ ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ፣ በችኮላ የተጫረች። ለዚያ ቀን አልበቃችኝም። ድሮ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ እፈርማት የነበረችውን አወጣሁ። ከላይ ጉልላት፣ ከታች ረጅም ጭራ ያላት። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልፈረምኳትን።

ድል ነዋ።

ምርጫው አልፎም ቆጠራው አላለቀም። ሶስናና ሰውዬው አንገት ለአንገት ነበሩ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በር ተንኳኳ። ማስክ፣ ኮፍያና መነጽር ያደረገች አንዲት ሐበሻ ጉልበቷን ይዛ ቆማለች። ከቤተ ክርስቲያን የተላከች መሰለችኝ።

"ግቢ የኔ እናት፣ ደክሞሻል" አልኳት።

"በኮቪድ ጊዜ ሰው ቤት አልገባም፣ የሺ" አለችኝ።

ያን ድምፅ የትም አውቀዋለሁ። ወዲያው ወደ አንቱታ ገባሁ።

"ምን ልርዳዎት፣ ወይዘሮ ዘነበች?"

አንቱታዬን ከቁብም አልቆጠረችው። ከፕላስቲክ ፎልደር ውስጥ ወረቀት አወጣች። "ፊርማሽ ምርጫ ቢሮው ዘንድ ካለው ጋር አልገጠመም። ድምፅሽን አቁመውታል። ደብዳቤ ልከውልሽ ነበር እኮ።"

ደብዳቤ? ከካዚኖ ማስታወቂያ ጋር ጥዬው ይሆናል።

"እርስዎን ማን ላከዎት?"

"ፊርማቸው የተያዘባቸው ሰዎች ዝርዝር ለተወዳዳሪዎቹ ይሰጣል። የሐበሾቹን እኔ ወሰድኩ።"

ዝርዝሩን ከሩቅ አየሁት። አብዛኛው ስም ተሰርዟል። በዚያ ጉልበት በር ለበር ስታንኳኳ ከርማለች።

ምስኪን፣ ለልጇ የተሰጠ ድምፅ የምታድን መስሏታል አልኩ በልቤ። የክርስትና እናቷ ነኝና።

"ዘነበች" አልኳት፤ አንቱታው ከየት ይምጣ። "ማንን እንደመረጥኩ ታውቂያለሽ?"

"አስራ አንድ ዓመት ሰላምታ የነሳሽኝ ሴትዮ ልጄን ትመርጫለሽ ብዬ ነው? አረጀሁ እንጂ አልጃጀሁም።"

"ታዲያ ለምን መጣሽ?"

"ስምሽ ዝርዝሩ ላይ ነበራ።"

ይህን መልስ ስንት ቀን እንዳላመጥኩት አትጠይቁኝ።

እኔ ብሆንስ? ስሟን አይቼ እዘለው ነበር። ሲጠይቁኝም "ቤት አልነበረችም" እል ነበር። እውነቴን ነው።

"ከተቆጠረ እኮ ሶስና ልትሸነፍ ትችላለች።"

"ትችላለች። ስትፈርሚ ከሳጥኑ አትውጪ። እንደ ዲኤምቪዋ አድርጊያት።"

እስክሪብቶዋን በሳኒታይዘር ጠርጋ ከወረቀቱ ጋር የበሩ ምንጣፍ ላይ አስቀመጠችልኝና ራቅ ብላ ቆመች።

ያኔ ደግነት መጣብኝ። ዘግይቶ፣ ግን መጣ።

"ይቅር፣ አልፈርምም" አልኳት። "በእጄ ያስጠመቅኳት ልጅ ናት። ድምፄ እዚያው ወድቆ ይቅር።"

የሚያስደስታት መስሎኝ ነበር። ተቆጣች።

"አታደርጊውም! ልጄ በወደቀ ድምፅ እንድትገባ አልፈልግም። ያን እሑድ እጄን ያወጣሁት ፊትሽ ነው፣ የሺ። ዓይንሽን እያየሁ። ብትመረጪ በቁጣሽ እድሩን ትበትኚዋለሽ ብዬ ፈርቼ ነው። በማግስቱ ላስረዳሽ መጥቼ በር አልከፈትሽልኝም። አንቺም ሰውዬውን መርጠሽ እንደሆነ ቁመሽ መረጥኩ በይ።"

መጥታ ነበር። መጋረጃው ኋላ ሆኜ አይቻታለሁ። ታሪኩን ለሰው ሳወራ ይህን ክፍል ተናግሬው አላውቅም።

ፈረምኩ።

ፎርሙን ከመታወቂያዬ ጋር ፎቶ አንስቼ እንዴት እንደምልክ በስድስት ጫማ ርቀት ቆማ አሳየችኝ። "እሱን አይደለም፣ የታችኛውን ንኪ። የታችኛውን አልኩሽ እኮ።" ተላከ። ስሜን ሰረዘችና "በይ ደህና ዋይ፣ ሁለት ቤት ይቀረኛል" ብላ እያነከሰች ወደ መኪናዋ ሄደች። ውሃ እንኳ አላቀረብኩላትም።

በሩን ሳልዘጋ ቆሜ አየኋት። ልጇ እንድትሸነፍ የተሰጠ ድምፅ እንዳይጠፋ ከሰመርሊን ነድታ የመጣች ሴት! አስራ አንድ ዓመት የሰደብኩት ይህችን ነው? ከሱዳን ጀምሮ ስንት ሺህ ማይል አብሬያት ስጓዝ ይህን ሳላይ እንዴት ቀረሁ?

እስካሁን ስለሷ ሳስብ እንደ ልጅ አፌን እከፍታለሁ። ያናድዳል።

ድምፄ ተቆጠረ። ከምርጫ ቢሮው ቴክስት ላኩልኝ። ሶስና በጥቂት ድምፅ ተሸነፈች፣ ባለጢሙ ሰውዬ ገባ።

ይቅር አልሻት ወይ ብላችሁ ከታች ኮሜንት እንዳትጽፉልኝ። እድሩን ትበትኚዋለሽ ማለቷ አሁንም ያንገበግበኛል። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም፤ የባሰው እሱ ነው። ከዚህ ምን ተማርሽ ለምትሉኝም፣ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ትምህርቱ እስካሁን የት ነበር?

ዛሬ ጠዋት ለሶስና ደወልኩ። የመረጥኩት ሰውዬውን መሆኑን ነገርኳት። "ኦኬ፣ እትዬ የሺ" አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ የሥራ ሺፍቴ ገባሁ።