መርዶ በድምፅ ብልጫ

እኔ ዳላስ ውስጥ መርዶ ነጋሪ ነኝ። መተዳደሪያዬ ማለቴ አይደለም። መተዳደሪያዬ ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት ነው፤ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ተርሚናሉ ሰውና ሻንጣ የምታመላልስ አውቶቡስ እነዳለሁ። መርዶው እላዬ ላይ የተለጠፈብኝ ነው። ባለቤቴ ሰናይት፣ ፊትህ ነው ትላለች። የሠርጋችን ዕለት ፎቶ አንሺው እባክህ ትንሽ ፈገግ በል ብሎ ብሎ ሲሰለቸው ትቶኛል። እና አገር ቤት ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጮኸው የእኔ ስልክ ነው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በስልክ አይነገርም። ለሰው ብቻውን አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይቀድማል፣ በማለዳ በር ይንኳኳል። ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚደግፈው፣ ደረቱን ሲደቃ እጁን የሚይዝለት፣ ውሃ የሚያቀብለው ያስፈልገዋል። እኔ እስካሁን ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አላየሁም። አንድ ችግር ብቻ አለው። ሰው ይፈልጋል።

የመጀመሪያ መርዶዬን ላጫውታችሁ። አባቱ ለሞተበት ልጅ ልንነግር ሃያ ሆነን በስምንት መኪና ሄድን። ያኔ ሃያ ሰው ይገኝ ነበር። ገና ሳይነጋ መኪኖቻችንን መንገዱ ዳር ፓርክ አድርገን፣ ነጠላችንን አጣፍተን፣ የልጁ ቤት ደጅ ሣሩ ላይ ቆምን። ጎረቤቱ ፈረንጅ በመስኮት አየን። ምን እንደመሰልነው እንጃ፣ ፖሊስ ጠራ። ፖሊሱ ሲደርስ ልጁ ተነግሮት ይጮኻል፤ እኛም እንጮኻለን። ኢመርጀንሲው ምንድን ነው አለ። አባቱ ሞቶ ነው አልነው። አስከሬኑ የት ነው? ኢትዮጵያ። መቼ ነው የሞተው? ዛሬ ስምንት ቀኑ። ፖሊሱ አንድ በአንድ አየንና፣ ታዲያ ስምንት ቀን ሙሉ ምን ስትሠሩ ነበር አለ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በየለቅሶው እያነሳን ስቀንበታል። ለቅሶ ቤት አይሳቅም ያለው ማነው?

አሁን ሃያ ሰው የለም። ሰዉ አልሞተም፤ ቤት ገዛ። ድሮ ሁላችንም አንድ አፓርታማ ግቢ ነበርን። ግድግዳው ስስ ስለነበር ማን እንዳሳለ፣ ማን ከሚስቱ እንደተጣላ እንሰማለን። ምነው ከዚህ ወሬኛ ሕዝብ በገላገለን እያልን እናማርር ነበር። ተገላገልን። አንዱ ማኪኒ ገባ፣ አንዱ ከፎርት ወርዝ ወዲያ፣ እኔ ግራንድ ፕሬሪ። የጎረቤቴ ጋራዥ በሪሞት ይከፈታል፣ መኪናዋ ትገባለች፣ ይዘጋል። ሰውየውን የማየው ቆሻሻ በሚወጣበት ቀን ነው። እሱም ከታደልኩ ነው።

ከዚያ አፓርታማ ጊዜ የቀረኝ ወዳጅ ጀማል ነው። የኮምቦልቻ ልጅ ነው። አንድ ክፍል አብረን ኖረናል። አሁን ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ሌላ ስቴት ከሄደች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። የመኖሪያ ወረቀቱ ስላላለቀለት እናቱን ካያት አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። እናቱን እማማ ዘሃራን እኔም በስልክ አውቃቸዋለሁ። ጀማልን ሲያናግሩ ያ ክርስቲያኑ ልጄ ደህና ነው ወይ ብለው እኔን ያስጠሩኝ ነበር። ሑዳዴ ሲገባ ደግሞ ጾምህን እንዳትገድፍ ብለው የሚቆጡኝ እሳቸው ናቸው። ልብ በሉ፣ የገዛ እናቴ እንኳ ተስፋ ቆርጣ ትታኛለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የጀማል እህት ሶፊያ ከኮምቦልቻ ደወለችልኝ። እማማ ዘሃራ አርፈዋል፤ ቀብሩም ዛሬውኑ ተፈጽሟል። ጀማል በስልክ እንዳይሰማ፣ ብቻውን ስለሆነ አንድ ነገር ይሆንብኛል፣ ሰው ሰብስበህ አንተው ንገርልኝ አለች። እሺ አልኩ። አውቶቡሴን ዳር አስይዤ አለቀስኩ። ተሳፋሪዎቹ አውሮፕላን ሊያመልጠን ነው ሲሉ ፊቴን ጠርጌ ነዳሁ።

ወዲያው ግሩፕ ከፈትኩ። የኮምቦልቻ ልጆችም የአዲስ አበባ ልጆችም ያሉበት፣ አሥራ አራት ሰው። ነገ ማለዳ እንንገረው አልኩ። ሁሉም የሚያለቅስ ፊት ላኩ። ቀጥሎ አንዱ ነገ ሺፍት አለኝ አለ። ሌላዋ ሐሙስ እችላለሁ ግን ጠዋት አልችልም አለች። ሽማግሌያችን ጋሽ ንጉሴ ረቡዕና ዓርብ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላቸው። አንዱ በዙም ቢሆንስ አለ፤ ተሰደበና ወጣ። በመጨረሻ አንዲት ብልህ ሴት ፖል ክፈቱና ድምፅ እንስጥ አለች። የእማማ ዘሃራ መርዶ እሁድ ረፋድ እንዲነገር በዘጠኝ ድምፅ ተወሰነ። ሁለት ሰው ድምፀ ተአቅቦ አደረገ።

ረቡዕ ጀማል ራሱ ደወለ። እኔ ኦፍ ነበርኩ። ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ ኳስ አያለሁ።

«ተስፉ፣ ሥራ ነህ እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ ደብል ሺፍት ሰጥተውኝ» አልኩ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እየቀነስኩ።

«ኦኬ። እማዬን ኮል አድርጌ አላገኘኋትም።»

«ኔትዎርክ ነው። ሰሞኑን ኮምቦልቻ ኔትዎርክ የለም አሉ።»

«ኦኬ። ሶ... ከተመቸህ ብቅ በል። ማለቴ፣ ቤት ነኝ።»

ስልኩ ሲዘጋ እፎይ አልኩ። ታዘቡኝ፣ እፎይ ነው ያልኩት! ከእኔ ቤት ጀማል ቤት በመኪና ሰባት ደቂቃ ነው። ለራሴ የነገርኩት ሥርዓቱን ነው፤ መርዶ ብቻ ለብቻ አይነገርም፣ ነውር ነው። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ብቻዬን ሄጄ ቢወድቅ የማነሳው እኔ ነኝ። ካለቀሰ አብሬው ማደሬ ነው፤ ሐሙስ ደግሞ ሥራ አለብኝ። እንዲህ ያደረገችን አሜሪካ ናት እንላለን። አሜሪካ እኮ ረቡዕ ኦፍ ሰጥታኝ ነበር።

እሁድ ደረሰ። የአንዱ ልጅ ጨዋታ አለበት። አንዷን ባልደረባዋ ሺፍት ቀይሪኝ ብላት ሥራ ገባች። ሌላው መንገዱ ተዘጋግቷል ብሎ ከመንገድ ተመለሰ። ጀማል በር ላይ የተገናኘነው ሦስት ነን፦ እኔ፣ ሰናይት፣ እና ከማኪኒ ድረስ የመጡት ጋሽ ንጉሴ። ጥቂት እንጠብቅ አልን። መኪና ውስጥ ሆነን ጠበቅን። ማንም አልመጣም። ደወሉን ተጫንኩ።

ጀማል ወዲያው ከፈተ። የዌርሃውሱን ቢጫ ሰደርያ ለብሷል። ከኋላው ሳሎኑ ወለል ብሎ ይታያል። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተጠግቷል፣ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ታጣፊ ወንበሮች ዙሪያውን ተደርድረዋል። ጥግ ላይ ውሃ በካርቶን፣ ቴምር በትሪ። ሌላ ሰው ቀድሞ ነግሮት ይሆናል ብዬ ለቀስተኞቹን በዓይኔ ፈለግኩ። ቤቱ ውስጥ ሰው የለም።

ጋሽ ንጉሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ጀማል፣ እንግዲህ በርታ፣ ወንድ ልጅ ነህ...»

«አውቄያለሁ ጋሼ» አለ። «ይግቡ፣ አይቁሙ።»

ማክሰኞ ማታ ነው ያወቀው። የአጎቱ ልጅ የእናቱን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ፣ ከሥር አላህ ይዘንላት ብሎ ጽፎ አይቷል። ሰናይት አፏን በእጇ ያዘች።

«ታዲያ ምነው ዝም አልከን?» አሉ ጋሽ ንጉሴ።

«ምን ልበል ጋሼ? እናቴ ሞታለች፣ ኑና አልቅሱልኝ ብዬ ልደውል? ይመጣሉ ብዬ ጠበቅኳችሁ። ለሱፐርቫይዘሬ ነገርኩት፣ ሶሪ ብሎ ሦስት ቀን ሰጠኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ካርድ ላይ ፈርመው ላኩልኝ። ወንበር ተከራየሁ። ረቡዕ ይመጣሉ አልኩ። ሐሙስ ይመጣሉ አልኩ። እስካሁን አላለቀስኩም፤ ልጀምር እልና፣ ቆይ ሰው ሲመጣ ይሻላል እላለሁ።»

«ጀማል፣ ረቡዕ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። ምን ልል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ተወው ተስፉ» አለኝ። ቁጣ የለበትም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ደጅህ መኪናዬን አቁሜ ነው የደወልኩልህ። መኪናህም አለች፣ ቴሌቪዥኑም በመስኮት ይታያል። ሳልነግርህ ማንኳኳት ከበደኝና ከመኪናዬ ውስጥ ደወልኩ። ከዚያ ሥራ ነኝ አልከኝ።»

ጀማል ከጠረጴዛው ላይ ቁልፉንና የሥራ መታወቂያውን አነሳ።

«ፈቃዴ ዓርብ አልቋል። ትናንት ኦፍ ስለነበርኩ ነው ቤት የቆየሁት። አሁን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሥራ ደርሼ ክሎክ ኢን ማድረግ አለብኝ። እናንተ ቁጭ በሉ፣ ቴምሩን ብሉ። ስትወጡ በሩን ጎትቱት፤ በራሱ ይቆለፋል።»

ጋሽ ንጉሴን ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ። የመኪናው ሞተር ሲነሳ ተሰማን። ለቅሶ ቤቱ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ለቀስተኛም ሦስት አለ። የሌለው ሐዘንተኛው ነው። ጋሽ ንጉሴ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እንግዲህ ማንን ነው የምናጽናናው አሉ።

ሰናይት ነች የነቃችው። እንባዋ እየወረደ ጮኸችብኝ። ምን ትቀመጣለህ አለችኝ፤ ተነስ፣ ተከተለው፣ ዌርሃውሱ ፓርኪንግ ላይ ድረስበትና እዚያው ይዘኸው አልቅስ፣ ሰው ይይ፣ ፖሊስም ይምጣ አለችኝ።

ልክ ነበረች። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት ልክ ሆና አታውቅም። ተነሳሁ፣ እውነቴን ነው፣ ቁልፌን ይዤ ተነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ሰዓቴን አየሁ። የእኔም ሺፍት ደርሷል።