ሰሚራ የተመዘነችበት ሚዛን

በእኛ በራያ ቆላ ብዛትን በልኩ መናገር እንደ ነውር ይቆጠራል። ገበሬውን «ማሽላው ዘንድሮ እንዴት ሰጠ?» በሉት፤ ጎተራው ሞልቶ ደጅ እየፈሰሰ «አልሀምዱሊላህ፣ ለዘር አናጣም» ይላችኋል። ከብት አይቆጠርም። የደለበ ልጅ ወፍራም አይባልም። ዓይን አለ። እናንተም ብትሆኑ የደመወዛችሁን ልክ ለጎረቤት አትነግሩም፤ ስለዚህ አትሳቁብን።

ችግሩ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይህን ጨዋነታችንን አያውቅም።

የአክስቴ የዘምዘም ልጅ ሰሚራ ትወድቅ ነበር። ቆቦ ያለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ስንወስዳት ሚዛኑ ተበላሽቶ ስለነበር ሐኪሙ ክብደቷን በቃል ጠየቀ። አክስቴ ልጇን ከሰውም ከጂንም ዓይን ልትጠብቅ ጥቂት ኪሎ ሸረፈችላት። «ምን አላት ብለህ፣ አጥንት ናት እኮ።» መድኃኒቱም ለዚያች አጥንት ታዘዘ። ሰሚራ ጠዋትና ማታ ሳታዛንፍ ትውጣለች፤ ሳታዛንፍም ትወድቃለች። አንድ ቀን ምድጃ አጠገብ ወደቀች። እሳቱ ሻርፗን ብቻ በልቶ ተዋት።

ደንግጠን ተመለስን።

«በእውነት ስንት ኪሎ ናት?» አለ ሐኪሙ። አክስቴ ወለሉን አየች። ከሰው ፊት ቃል የማይወጣኝ እኔም አብሬያት አየሁ።

«መድኃኒቱ ካነሰ በሽታውን አይይዝላትም፤ ከበዛ ያደነዝዛታል። አስመዝናችሁ ኑ።»

በአቅራቢያው ሚዛን ያለው እህል ነጋዴው ጋሽ ካሳው ነው። ሰሚራን ማሽላ የሚመዝንበት ላይ ሊያወጣት ሲል አክስቴ ክንዱን ያዘችው።

«ቆይማ፣ ይሄ የምትገዛበት ነው የምትሸጥበት?»

ጋሽ ካሳው የሚገዛበት ሚዛን እህሉን እንደሚያቀል፣ የሚሸጥበት እንደሚያከብድ ከጎብዬ እስከ ዋጃ የማያውቅ የለም። ፊት ለፊት የነገረው ግን አልነበረም።

«የምገዛበት» አለ ቀስ ብሎ።

«በሱ አቅልለህ ከመዘንካትማ፣ ተመልሳ እሳት ላይ ነው የምትወድቅብኝ።»

ጋሽ ካሳው ልጅቷን አየ፤ የተቃጠለ ሻርፗን አየ። ከዚያ ጓዳ ገብቶ አቧራ የለበሰ ሦስተኛ ሚዛን ይዞ ወጣ። ልከኛው እሱ ነበር። ለካ ልክን ሳያውቁ ማጉደል አይቻልም።

የሰሚራ ኪኒን ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ አልወደቀችም፤ አክስቴ ግን ለጠየቃት ሁሉ «ያው ናት» ትላለች።

አሁን በሽታው የተዛወረው ወደ ጋሽ ካሳው ነው። በገበያ ቀን ማሽላ ጭነው የመጡ ገበሬዎች «ሰሚራ በተመዘነችበት መዝንልን» እያሉ ይሰለፋሉ።

«እሱ ለበሽተኛ ነው» ይላቸዋል።

«እኛን ደህና ናቸው ብሎ የነገረህ ማነው?»