ከግድግዳው ማዶ ያሉት ዳኛ

የጋራ ግድግዳ ባለበት ሁሉ ግድግዳ የሚደበድብ ጎረቤት አለ። ቤት ስትከራዩ ስለ ውሃው ትጠይቃላችሁ፣ መብራቱን አብርታችሁ ታያላችሁ፤ ስለዚህ ሰው ግን ማንም ትንፍሽ አይልላችሁም። ዕቃ አስገብታችሁ የመጀመሪያዋን ሚስማር ስትመቱ እሱ ራሱ ይተዋወቃችኋል።

የእኛዋ ክብርት ጎረቤት ጡረታ የወጡ የታይፕ አስተማሪ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አርባ የጽሕፈት መኪና በአንድ ክፍል ሲንጫጫ እያዳመጡ፣ የትኛዋ ተማሪ እንደተጣደፈች ጀርባቸውን ሰጥተው ይለዩ ነበር አሉ። ግድግዳ መደብደቢያቸው የእንጨት ማማሰያ ነው።

ልጄ በአሥራ አንድ ዓመቷ ቼሎ የሚባለውን፣ ቁመቱ ከእሷ የማይተናነስ ባለ አራት ክር መሣሪያ እየጎተተች ስትገባ፣ እኔ በሆዴ ሌላ ቤት መፈለግ ጀምሬ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ድምፅ ዘይት ያልነካው በር ነው። ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግድግዳው ቋ አለ። ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ።

"እትዬ፣ መቼም ረበሽንዎት..."

"ማን ረበሸኝ አለህ? ልጅቷ መሐል ላይ ስትደርስ ትሮጣለች። አትሩጪ፣ ማንም አያባርርሽም በላት።"

ሙዚቃ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ምንም አላውቅም። የሚሮጥ እጅ ግን አውቃለሁ።"

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ሕግ ተዳደርን። አንዴ ቋ ካለ ሮጠሻል ማለት ነው፤ ሁለቴ ከሆነ ከመጀመሪያው ድገሚ። ዝምታ ከተገኘ ቤተሰቡ በሙሉ ተመስገን ይላል። የሙዚቃ ትምህርት ቤቷ መምህር በቀይ እስክሪብቶ "ትቸኩያለሽ" ብሎ ሲጽፍላት፣ ወሬው ለእኛ አርጅቶብን ነበር። እትዬ ሐኪም ቤት ሰንብተው ሲመለሱ እንኳ ገና ደረጃው ላይ ሳሉ ያመለጣቸውን አስጠየቁ፤ "የማክሰኞውን ትድገምልኝ" ብለው።

አንድ ቀን ሬዲዮ ከፍቼ ሳለሁ ግድግዳው ተመታ። በነጋታው በረንዳ ላይ ያዙኝ።

"ትናንት ደግሞ ምን ሆና ነው?"

"እትዬ፣ እሷ አይደለችም። በዓለም የታወቀ ቼሎ ተጫዋች ነው።"

"እሱንም ማንም አያባርረውም" አሉና ልብሳቸውን ማስጣት ቀጠሉ።

ልጄ ተመርቃ ኦርኬስትራ ለመግባት ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለት ጊዜ ወደቀች። ቤት ውስጥ እንደ ውሃ የሚፈሰው እጇ፣ የዳኞቹን ፊት ሲያይ ሩጫውን ይለዋል። የዘንድሮው ክፍት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። "አባዬ፣ አሁንም ከወደቅኩ ቼሎውን ሸጬ ቢሮ እቀጠራለሁ" አለችኝ። እንደማትቀልድ ስለማውቅ እንቅልፍ አጣሁ።

የፈተናው ቀን ኮሪደር ላይ ጥፍሬን ስበላ ቆየሁ። በሩ ተከፍቶ ስትወጣ ትስቃለች።

"ዘንድሮ ዳኞቹን መጋረጃ ጋርደውባቸዋል። ለማንም እንዳያዳሉ ነው አሉ።"

"ታዲያ ምን ያስቅሻል?"

"አባዬ፣ እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ለማላየው ሰው ነው የተጫወትኩት። አንደኛው መሐል ላይ ሲያስል፣ እትዬ ናቸው ብዬ ቀስ አልኩ።"

ቦታውን አገኘች። ወደ ኦርኬስትራው ከተማ የሄደች ቀን የደረጃውን በር ይዘው ቼሎውን ያሳለፉላት እትዬ ናቸው። "እዚያ ደግሞ ማን እንደሚነግርሽ እንጃ" አሏትና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጭር አለ። ሰላም አገኘሁ ብዬ ነበር፤ በሳምንቱ ግን ዝምታው አላስቀምጥ አለኝ። ማዶም ድምፅ የለም። አንድ ጠዋት ጠረጴዛዬን ገፍቼ ግድግዳው ሥር አስጠጋሁና፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ አቧራ የጠጣችውን የድሮ የጽሕፈት መኪናዬን አወረድኩ። ኮምፒውተር የሌለኝ ሆኜ አይደለም። ድምፅ ስለሌለው ነው።

ይህን ጽሑፍ በሁለት ጣት ጀመርኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ግድግዳው ቋ አለ፤ ቀስ አልኩ። ደስ ብሎኝ ስለነበር ሳላስበው እንደገና ሮጥኩ መሰለኝ፣ መጨረሻው ላይ ስደርስ ሁለቴ ተመታ።

አዲስ ወረቀት አስገብቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አሁን የምታነቡት አራተኛው ነው፤ እስካሁን ዝም ብለዋል።