ሄልሜትና ነጠላ

ሐበሻን ፀሐይ አያቃጥለውም የሚለውን ወሬ ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ባገኘው ግን ማጅራቴን አሳየው ነበር። እኛ የምንፈራው ብርድ ነው። ለጉንፋኑም፣ ለወገቡም፣ ለሆድ ቁርጠቱም ተከሳሹ ብርድ ነው። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ካየን እንደ ነፍሰ ገዳይ እናፈጥጥበታለን። ፀሐይን ግን ማን ከሷት ያውቃል? እንዲያውም ጨቅላ ሕፃን ቅቤ ቀብተን ጠዋት ጠዋት እሷን እናሞቀዋለን።

እኔ እዚህ በሰው አገር መንገድ ሥራ ላይ ነኝ። በአንድ ፊቱ «ስቶፕ»፣ በሌላው «ስሎው» የተጻፈበት ምልክት ይዤ መኪና አስቆማለሁ፣ መኪና አሳልፋለሁ። ቀላል ሥልጣን እንዳይመስላችሁ፤ ስንቱን ባለ ውድ መኪና በአንድ እጄ አቁሜዋለሁ። ችግሩ ሄልሜቱ ነው። ከላይ ለሚወድቅ ነገር እንጂ ከጎን ለሚመጣ ፀሐይ አልተሠራም። አናትን ይጠብቅና ጆሮንና ማጅራትን ሜዳ ላይ ይጥላቸዋል። ሳን ሆዜ ሁለት ሳምንት ቆሜ ስመለስ ማጅራቴ ተላጠ። ሚስቴ ሂሩት አይታ ምን ነክቶህ ነው ብትለኝ፣ ብርድ ሳይሆን አይቀርም አልኳት።

መጀመሪያ ኮፍያ አድርጌ ሄልሜቱን ከላዩ ደፋሁበት። የሴፍቲ ኃላፊያችን አየችና አስወለቀችኝ። ውስጡ ያሉት ማሰሪያዎች አናት ላይ በደንብ መቀመጥ አለባቸው፣ ኮፍያ ከገባበት ግን ሄልሜቱ ይንሸራተታል አለችኝ። ከሄልሜቱ ጋር የሚገጠም የማጅራት መሸፈኛ ጨርቅ ኦርደር አድርጌልሃለሁ፣ እሱ እስኪመጣ ሰንስክሪን፣ ያንን ነጭ የፀሐይ ቅባት፣ ተቀባ አለችኝ። ተቀባሁ። መስታወት ሳይ ወፍጮ ቤት የዋልኩ መስዬ ራሴን አገኘሁትና ታጠብኩት። ጨርቁም አልመጣ አለ። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ መጠበቅ አልችልም። ሊፍት ከዘገየብኝ ቁልፉን አሥር ጊዜ የምጫን ሰው ነኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ስለቅምም እቸኩላለሁ።

አንድ ዓርብ ጠዋት ከሂሩት ቁም ሣጥን አሮጌ ነጠላ አነሳሁ። የሴፍቲ ኃላፊዋ ሳን ሆዜ ውላለች፤ የኛ ሥራ ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ነበር፤ ሐበሻ ሳያልፍበት የማይውል መንገድ። ነጠላውን ለሁለት አጠፍኩና በልብስ መቆንጠጫ ከሄልሜቱ ጠርዝ ጋር አያያዝኩት። ጥበቡ ወፍራም ስለሆነ መቆንጠጫው እሱን አጥብቆ ያዘልኝ፤ ስስ ስሱ ደግሞ አንገቴ ላይ ወርዶ አየር ያስገባል። መሐንዲስ መሆን ነበረብኝ። የሚገርመው፣ ያን ቀን የሐበሻ ሹፌር ሁሉ ጨዋ ሆኖ ዋለ። ጡሩምባ የለ፣ ግልምጫ የለ። የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ታፈሰ እንኳ፣ ባስቆምኳቸው ቁጥር የሚነጫነጩት ሰውዬ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለውልኝ አለፉ። ሥራዬ መከበር ጀመረ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ቅዳሜ ማለዳ አላሜዳ ያለው ቤታችን ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ታፈሰ ከፊት፣ ስድስት ሰዎች ከኋላቸው፤ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል፣ ሁሉም ዝም ብለዋል። ሽማግሌ ሳይደውል፣ በማለዳ፣ ሰው አስከትሎ በር ላይ ከቆመ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ አለ? መርዶ ነው። እናቴ አዲስ አበባ ናት፤ ሰማንያን እየተጠጋች ነው። ባለፈው እሑድ ስደውልላት ደም ግፊቷ ተነስቶ ድምጿ ደክሞ ነበር። ነገ እደውላለሁ እያልኩ ሳምንቱ አለቀ። እናቴን፣ እናቴን እያልኩ በሩ ላይ ተዘረርኩ። ይሄኔ እነሱም የማን ለቅሶ እንደመጡ አወቁ። ጋሽ ታፈሰ እኔን ልጄ፣ እኔን እያሉ አቅፈውኝ አለቀሱ። ሂሩት ከመኝታ ቤት ወጥታ አየችን፤ ምንም ሳትጠይቅ ደረቷን መታች።

እንደምንም አረጋግተው አስቀመጡን። ጋሽ ታፈሰ እንባቸውን ጠርገው፣ ለመሆኑ መቼ ነው የተረዳኸው አሉኝ።

«አሁን ነዋ፣ ከእርስዎ» አልኳቸው።

«ከእኔ? እኔ ምን አልኩ? ትናንት ነጠላ አዘቅዝቀህ ቆመህ አይቼህ ነው እንጂ የመጣሁት። ሐዘንተኛ ሆኖ ሳለ እረፍት እንኳ አልሰጡትም ብዬ አንጀቴ ተላወሰ። ለሰውም ኮል ያደረግኩት እኔው ነኝ» አሉ።

ጥበቡን ወደ ላይ አድርጌ፣ አገሩ ሁሉ በሚያልፍበት ጎዳና ላይ፣ ቀኑን ሙሉ የራሴን ሐዘን ሳውጅ ውያለሁ ለካ። ሂሩት እንባዋን እየጠረገች፣ የማንን ነጠላ ነው የወሰድከው ብላ አፈጠጠችብኝ።

ሰዎቹ ሳቅ ሳቅ እያላቸው ነበር፤ እኔ ግን አልሆነልኝም። ሰባት ሰው ያለቀሰላት እናት ደህና ናት ብሎ ማመን እንዴት ይቻላል? አጉል አጋጣሚ ሆኖ እውነትም ሞታ ቢሆንስ? ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ደወልኩ። አይነሳም። ከሳሎን ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ ሳሎን እየተመላለስኩ ደጋገምኩት። ጋሽ ታፈሰ ልጄ፣ አረፍ በል ቢሉኝ አልሰማኋቸውም። ነገ እደውላለሁ ያልኩባቸው ቀናት ሁሉ አንድ በአንድ ይመጡብኛል። ፈራሁ፤ ከልቤ ፈራሁ።

በአራተኛው ተነሳ። ስልኩን ቻርጅ ላይ ትቼው ነው፣ ምነው እንዲህ ታጣድፈኛለህ አለችኝ እናቴ፤ ድምጿ ጥርት ያለ። ከደስታዬ ብዛት ሁሉንም ዘከዘክኩላት፤ ፀሐዩን፣ ሄልሜቱን፣ ነጠላውን፣ ለቅሶዋን። ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ስንት ሰው መጣ አለችኝ። ሰባት አልኳት።

«ለእኔ ሰባት ሰው? በል እንግዲያው አንተ የሰው ለቅሶ አትደርስም ማለት ነው» ብላ ዘጋችብኝ።

ከሰባቱ አንድም ሰው አልተቃወማትም።