አንኮበር ከመውጣታችሁ በፊት ለቅሶ ድረሱ

አሥራ አራት ሺህ ብር። ያን ሰሞን ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ አንድ ደህና ሙክት በግ የሚያወጣው ይህን ነበር። እኔ ዋጋ አልሳሳትም። ብርድ ልብስ በጀርባዬ ተሸክሜ ከሰፈር ሰፈር እየዞርኩ ነው ሱቅ የከፈትኩት። እናም የአንኮበርን የቤተ መንግሥት ኮረብታ ልትወጡ ያሰባችሁ ካላችሁ ምክሬን ስሙ። ተከፍሎበታል።

በበዓል ሰሞን አትሂዱ። እኛ የሄድነው በዳግማዊ ትንሣኤ ነው፤ ከመኪና መቆሚያው ጀምሮ ሰው እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። የግድ ከሆነ በማለዳ ውጡ። ካፖርት ያዙ፤ ፀሐይ ነው ብላችሁ ስትኮሩ ጉሙ ከቆላ ተነሥቶ ያለብሳችኋል። ውኃ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ዋጋውም እንደ ሰዉ ሽቅብ ነው የሚወጣው። ጫማችሁ ያረጀና የለመዳችሁት ይሁን። አንዲት ልጅ ባለ ተረከዝ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ዳገቱን በባዶ እግሯ ትወጣለች፤ ጫማውን የምታጠልቀው ፎቶ ሲደርስ ብቻ ነው። አንዱ ደግሞ ስልኩን እንጨት ላይ ሰቅሎ መሐል መንገድ ላይ ተገትሯል። «አባባ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልን» አይለኝም? ወዴት ልዙር? ወደ ገደሉ? ነገሥታት ለወጡበት ድንጋይ ጀርባውን ሰጥቶ የራሱን ጥርስ ያነሣል!

ይህ ሁሉ ግን ተራ ንዴት ነው። ዋናው ንዴቴ የሚስቴ ወንድም ጌታነህ ነው።

ጌታነህ በስድስት ዓመት ያንሰኛል። የፋሲካ ዕለት ቤቴ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ጥርሱን እየፋቀ፣ «ጋሼ፣ አንተ እንግዲህ ከሱቅ ወንበርህ ተነሥተህ የትም አትደርስ» አለኝ። በገዛ ቤቴ! «አንኮበር እንውጣ» አልኩት። ተወራረድን። ከመኪናው እስከ ጫፉ ቀድሞ የተቀመጠ ሙክት ይገዛል። ዱላ መደገፍ ይቻላል፤ መቀመጥ ግን የለም። ዳኛ ባለቤቴ አስካለ ሆነች። የእሱ እህት፣ የእኔ ሚስት፤ ከዚህ የተሻለ ገለልተኛ ከየት ይመጣል?

እርምጃዬን እየቆጠርኩ ወጣሁ። ሦስት መቶ ላይ ጌታነህ ማቃሰት ጀመረ። አምስት መቶ ላይ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ባየ ቁጥር ዓይኑ ይንከራተታል።

«ጋሼ፣ ከደከመህ ንገረኝ፣ አላፍርብህም።»

«አንተው እረፍ፤ ድንጋዩ እየጠበቀህ ነው።»

በሐሳቤ ሙክቱን አርጄ፣ ገፍፌ፣ ጎድኑን ለብቻ ሰቅዬዋለሁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

አርባ እርምጃ ያህል ሲቀረን፣ ጥቁር ለብሶ ጋቢ የደረበ ሰው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የደነባው ተሰማ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የበግ ፀጉር ያመጣልኝ ደንበኛዬ። እናቱ በዐቢይ ጾም ዐርፈዋል። እኔ ለቅሶ አልደረስኩም፤ ዛሬ ሱቁ፣ ነገ ጉልበቴ እያልኩ። ጌታነህም አልደረሰም። ተሰማን ደግሞ ልጆቹ አየር ይለውጥ ብለው በግድ አምጥተውታል። ሕዝብ በበዛበት ቦታ ሰው ይጠፋል የሚሉ ሞኞች ናቸው። የሸሻችሁት ሰው ሁሉ የሚገኘው እዚያ ነው። ስለዚህ ታሪካዊ ቦታ ለመጎብኘት ከመነሣታችሁ በፊት ያልደረሳችሁትን ለቅሶ ቁጠሩና ጨርሱ።

ለቅሶ ቆሞ አይደረስማ! ቆሞ «እግዚአብሔር ያጽናህ» የሚባለው ጫማው ለጠፋበት ሰው ነው እንጂ እናቱ ለሞተችበት አይደለም።

ጌታነህ ቀድሞ አይቶት ኖሯል። ፊቱን ወደ ቆላው አዙሮ፣ «ወይ ያገር ማማር!» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ተራራ ቀና ብሎ አይቶ የማያውቅ ሰው!

ተሰማ እኔን አየኝ። ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ከጎኑ ቦታ ለቀቀልኝ።

ተቀመጥኩ።

«ቀረሁብህ፣ ወንድሜ» አልኩት።

«ይኸው መጣህ» አለኝና እንባው ቀደመው። አስካለም በዚያ በኩል ተቀመጠች። እናቱን አነሣን። ደነባ በሄድኩ ቁጥር፣ «ብርድ ልብስ እየሸጥክ አንተን ይበርድሃል?» እያሉ ጋቢያቸውን ያለብሱኝ ነበር። የእንዲህ ያሉ ሴት ለቅሶ በሙክት ይለወጣል?

ጌታነህስ? እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እንደ ቆመ፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ጋሽ ተሰማ» አለ። ተሰማ አረፍ በል ቢለው፣ ወገቤን ያመኛል፣ መቀመጥ አይስማማኝም ብሎት ዐረፈው! ከዚያ አርባዋን እርምጃ እንደ ፍየል ዘለላትና ከላይ ሆኖ፣ «ጋሼ! ቀንዳም ይሁንልኝ!» ብሎ ጮኸ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። የተሰማ ልጆች ነገሩ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። አስካለ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ተቀምጠሃል፣ ትገዛለህ» አለችኝ። ፍርድ ነው። በማግስቱ ቀንዳሙን ገዝቼ በሩ ላይ አሰርኩለት።

ወሬ ደግሞ ከሚኒባስ ይፈጥናል። ጌታነህ ሊያርድ ቀን ቆርጦ ጎረቤት ጠራ። አንዱ ሆዴን አለ። አንዱ በበዓለ ሃምሳ «ጾም ይዣለሁ» አለው! እህቱን ቢለምናት፣ «ወንድሜ፣ ያን በግ ቆመህ ብላው» አለችው። ልሽጠው ቢል፣ በለቅሶተኛ ላይ ቆሞ ያገኘውን ቸበቸበ መባል አለ። ልመልስልህ ብሎ ላከብኝ። በውርርድ የወጣ አይመለስም አልኩት።

እንግዲህ ሂሳቡ ይኸው። የእኔ ኪሳራ አሥራ አራት ሺህ ብር ነው፤ አንዴ ተከፍሎ አልቋል። የጌታነህ ትርፍ ግን በየቀኑ የሰማኒያ ብር ፍሩሽካ ይበላል።