ባለሁለት በሩ ካራቫን

(ረገንስዶርፍ፣ ዙሪክ አጠገብ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ከአንድ አፓርታማ ሥር ያለ የእንጨት ሥራ ክፍል። ወለሉ ላይ በሰማያዊ ፕላስተር የተሰመረ የአንድ ትንሽ ካራቫን፣ በመኪና የሚጎተት ቤት፣ ፕላን አለ። ከጎኑ ሌላ ፕላን በቢጫ ፕላስተር እየተሰመረ ነው።

ቢጫው የሽፈራው ነው። ሽፈራው ከጄኔቭ፣ ከሰርቬት ሰፈር፣ ሦስት ሰዓት በባቡር ተጉዞ መጥቷል። ሠላሳ ዓመት የአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት በር ሲጠብቅ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ሚስቱ ካረፈች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ረጅም ነው፤ ኮፍያውን ከራሱ አያወርድም። የክፍሉ ባለቤት ንዋይ አናጢ ነው፤ ቀስ ብሎ ይናገራል። ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ለሽፈራው ቀስ ብሎ የሚያስብ ሰው ነው።

ሽፈራው ካራቫኑን ለማን ብሎ እንደሚያሠራ ለማንም አልተናገረም። እዚያው ጄኔቭ፣ ኦ ቪቭ ሰፈር የምትኖር የወይንሐረግ የምትባል ሴት አለች። ሙቀቱ ሲመጣ አብራው ከሐይቅ ሐይቅ ብትዞር ደስታው ነው፤ ግን እንኳን ሽማግሌ ሊልክ፣ አራት ዓመት ሙሉ እሷ ፊት ሲደርስ የሚያወራው ስለ አየሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ካራቫኑን በሯ ላይ ሊያቆምና ካራቫኑ እንዲጠይቅለት ወስኗል።)

ሽፈራው፦ እውነቱን ልንገርህ ንዋይ፤ በደንብ አላውቅህም። ስልክህን የሰጠኝ ሰውም በደንብ አያውቅህም። በደንብ የማላውቀው ሰው ደግሞ፣ ሁለት በር አድርግልኝ ስለው "ለምን?" ብሎ ሲጠይቀኝ ደስ አይለኝም።

ንዋይ፦ ለምን?

ሽፈራው፦ ይኸው!

ንዋይ፦ አይ፣ ጋሼ፣ ቮንቫገኑ አራት ሜትር ነው ብዬ ነው።

ሽፈራው፦ ካራቫን በል። እኛ ጄኔቭ ካራቫን ነው የምንለው። የእናንተ የዙሪክ ጀርመንኛ ከአፍ ሳይወጣ ጥርስ ያነቃንቃል።

ንዋይ፦ እሺ፣ ካራቫን። አራት ሜትር ላይ ሁለት በር... የዶሮ ቤት እንኳ አንድ በር ነው ያለው።

ሽፈራው፦ ዶሮ ቤት እንግዳ ይመጣል?

ንዋይ፦ [ትንሽ አሰበ] ቀበሮ ይመጣል።

ሽፈራው፦ በግራዬ ቁም! ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም አላልኩህም? ምን ይመጣል አልክ?

ንዋይ፦ [በግራው ዞሮ] ቀበሮ።

ሽፈራው፦ አሁን ቀበሮ ምን ቤት ነው? ዝም ብለህ ጻፍ። አንዱ በር ለባለቤቱ፣ አንዱ በር ለእንግዳው። መሃል ላይ ግድግዳ።

ንዋይ፦ ግድግዳ?

ሽፈራው፦ ታዲያስ! ሰው ምን ይላል?

ንዋይ፦ የትኛው ሰው?

ሽፈራው፦ የሚያየው ሰው ነዋ!

ንዋይ፦ ካራቫኑ የት ነው የሚቆመው?

ሽፈራው፦ ተራራ ሥር፣ ሐይቅ ዳር። ዝር የሚል ሰው የሌለበት።

ንዋይ፦ እሺ። [እየጻፈ] ሰው የሌለበት ቦታ... ሰው ምን ይላል እንዳይባል... ግድግዳ።

ሽፈራው፦ እንደሱ። እየገባህ ነው።

ንዋይ፦ ክብደቱ ግን ሰባት መቶ ሃምሳ ኪሎ ማለፍ የለበትም። ካለፈ በእርስዎ መንጃ ፈቃድ አይጎተትም። ግድግዳው ቀጭን ቢሆን?

ሽፈራው፦ ይሁን።

ንዋይ፦ ቀጭን ከሆነ ድምፅ ያሳልፋል።

ሽፈራው፦ [ወደ ወለሉ እያየ] ያሳልፍ።

ንዋይ፦ ድምፅ ካሳለፈስ መጋረጃ አይሻልም?

ሽፈራው፦ ግድግዳ ነው ያልኩህ! ድምፅ የሚያሳልፍ ግድግዳ። ዙሪክ ውስጥ እንደዚህ ያለ ዕቃ የለም?

ንዋይ፦ አለ። ግን ሳናስበው ሠርተነው ሰዎች ይከሱናል እንጂ አስበንበት አንሠራውም። [ሜትሩን ዘረጋ] የእርስዎ አልጋ ስንት ይሁን?

ሽፈራው፦ አንድ ሜትር ከዘጠና።

ንዋይ፦ የእንግዳው?

ሽፈራው፦ [ሳያስብ] አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት።

ንዋይ፦ [እርሳሱን ከወረቀቱ አነሣ] እንግዳው ልጅ ነው?

ሽፈራው፦ ትልቅ ሰው ነው። አማካይ እንግዳ ነው። አማካይ እንግዳ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት ነው።

ንዋይ፦ ማን ለካው?

ሽፈራው፦ እኔ ነኛ! ሠላሳ ዓመት በር ላይ ስቆም በፊቴ ያላለፈ እንግዳ አለ? ከሚኒስትር እስከ ቧንቧ ጠጋኝ! ደምረህ ብታካፍለው አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት ነው።

ንዋይ፦ እኔ አንድ ሜትር ከሰማንያ ነኝ። እንግዳ ሆኜ ብመጣ እግሬ የት ይገባል?

ሽፈራው፦ አንተን ማን ጠራህ?

[ሽፈራው እውነቱን አልተናገረም። የወይንሐረግ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማዋን አውልቃ ቀጥ ብላ ስትቆም፣ መቋሚያውን አጠገቧ አቁሞ፣ በነጠላ የተሸፈነው አናቷ የደረሰበትን በጥፍሩ ምልክት አድርጎበት ነበር። ቤቱ ሲገባ በሜትር ለካው።]

ንዋይ፦ ሌላስ?

ሽፈራው፦ የእንግዳው በር ደረጃ ዝቅ ይበል። ጉልበቱን ያመዋል።

ንዋይ፦ የማንን?

ሽፈራው፦ የእንግዳውን። ግራ ጉልበቱን።

ንዋይ፦ የአማካዩን እንግዳ?

ሽፈራው፦ አዎ!

ንዋይ፦ [እየጻፈ፣ ቀስ ብሎ] አማካይ እንግዳ... ግራ ጉልበቱን... ያመዋል።

ሽፈራው፦ አንተ ልጅ፣ እንዲህ ስትንቀራፈፍ ቤት ሠርተህ ጨርሰህ ታውቃለህ? ቤት ያዘዘህ ሙሽራ አያት ሆኖ ይሆናል የሚረከብህ። ቀጥል፤ ማድ ቤት። አንድ የጾም ድስት ማስቀመጫ፣ አንድ የፍስክ። እንዳይነካኩ መሃላቸው አንድ ክንድ ይሁን።

ንዋይ፦ አንድ ክንድ እኮ የዕቃ ማጠቢያው ቦታ ነው።

ሽፈራው፦ ዕቃ ሐይቁ ላይ ይታጠባል። እንግዳው አጽዋማቱን በሙሉ ነው የሚጾመው።

ንዋይ፦ እርስዎስ?

ሽፈራው፦ እኔም እጾማለሁ፤ ዓሣ ግን እበላለሁ። ዓሣ ጾም አያስገድፍም። ከስንት ካህን ጋር ተከራክሬያለሁ፤ አንድም ያሸነፈኝ የለም።

ንዋይ፦ ምን ብለው ተሸነፉ?

ሽፈራው፦ ደክሟቸው ሄዱ።

ንዋይ፦ [ብዙ ከጻፈ በኋላ] ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሰማያዊውን ረግጠዋል። እሱ የሌላ ደንበኛ ነው።

ሽፈራው፦ [እግሩን አነሣ፤ ጎንበስ ብሎ አየ] ይሄ ምንድን ነው? ይሄም ሁለት በር አለው!

ንዋይ፦ አዎ።

ሽፈራው፦ መሃሉ ላይ ግድግዳ!

ንዋይ፦ አዎ። ለእንግዳ ነው ብለውኛል።

ሽፈራው፦ ሐሳቤን ሰርቆኛላ!

ንዋይ፦ እሳቸው የመጡት ባለፈው ወር ነው።

ሽፈራው፦ ሌባ መች አርፍዶ መጥቶ ያውቃል? ማን ነው ስሙ?

ንዋይ፦ የደንበኛ ስም አልናገርም።

ሽፈራው፦ ይሁን፣ ከፕላኑ ማንነቱ ይታያል። ይሄ ረጅሙ አልጋ የሱ ነው?

ንዋይ፦ አይ፣ የእንግዳው ነው። አንድ ሜትር ከዘጠና አምስት።

ሽፈራው፦ እንግዳው ግመል ነው?

ንዋይ፦ ቁመታቸው አንድ ከዘጠና ነው። አምስቱ ሳንቲ ሜትር የኮፍያ ነው። ሲተኙም ኮፍያቸውን የሚያወልቁ ለደንበኛዬ አልመሰላቸውም።

ሽፈራው፦ [ኮፍያውን አስተካክሎ] እብድ መሆን አለበት። ራስጌው ደግሞ ለምን ወደዚያ ዞረ? መስኮቱ በዚህ በኩል ሆኖ!

ንዋይ፦ እንግዳው በአንድ ጆሯቸው አይሰሙም። ደህናው ጆሮ ወደ ግድግዳው እንዲሆን ነው።

ሽፈራው፦ ሃሃ! ግመል፣ ያውም ደንቆሮ! ይሄ ሦስተኛው ሣጥንስ? የጾም፣ የፍስክ... ሌላ ምን ቀረ?

ንዋይ፦ የዓሣ።

ሽፈራው፦ የዓሣ?

ንዋይ፦ እንግዳው በጾም ዓሣ ይበላሉ። ደንበኛዬ ደግሞ ዓሣ የነካው ድስት የጾም ድስቴን እንዳይነካብኝ አሉ። ክርክርም ሰልችቷቸዋል፤ ለብቻው ሣጥን ይሠራለት አሉ።

ሽፈራው፦ ይሄማ ሆዳም ነው። እኔ ዓሣ የምበላው በእውቀት ነው፤ እሱ በሆዱ ነው። ከበሩ ውጭ ያለችው ይቺ አራት ማዕዘንስ?

ንዋይ፦ ታጣፊ ወንበር ናት። እንግዳው ወሬ ሲጀምሩ ደንበኛዬ ወጣ ብለው የሚያርፉባት።

ሽፈራው፦ [ሆዱን ይዞ ሳቀ] አቤት ጅልነት! ግመል፣ ደንቆሮ፣ ሆዳም፣ ወሬኛ! ታዲያ ይሄን ጉድ ምን አድርግ ብሎ ነው የሚጠራው?

ንዋይ፦ እኔም ጠይቄያቸው ነበር።

ሽፈራው፦ ተወው፣ አትንገረኝ፤ የጅል ምክንያት ጆሮ ያቆሽሻል።

ንዋይ፦ [ሜትሩን እያጠፈ] ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የእንግዳውን አልጋ ልኬት እርግጠኛ አልሆንኩም። የሚሞክርልኝ ረጅም ሰው አጥቼ ነው። እስቲ አንዴ ጋደም ይበሉበት።

ሽፈራው፦ በሰው ጅልነት ላይ?

ንዋይ፦ ለእርስዎም ልምድ ይሆንዎታል።

[ሽፈራው እያጉረመረመ ወለሉ ላይ ተጋደመ። ተረከዙ ታችኛውን ፕላስተር ነካ። የኮፍያው ጫፍ ላይኛውን ፕላስተር ነካ። አንዲት ጣት አልተረፈም፤ አንዲት ጣት አልጎደለም። ግራ ጆሮው ወደ ግድግዳው ነው።]

ንዋይ፦ ጠበበዎት?

[ሽፈራው ጣራውን ያያል።]

ሽፈራው፦ ንዋይ።

ንዋይ፦ አቤት ጋሼ።

ሽፈራው፦ ከግድግዳው ወዲያ ያለው የባለቤቱ አልጋ... ስንት ነው?

ንዋይ፦ የደንበኛ ልኬት አልናገርም። ሜትሩ ግን እነሆ።

[ሜትሩን ሰጠው። ሽፈራው ሳይነሣ በጉልበቱ እየዳኸ ግድግዳውን ተሻገረ። ለካ። እንደገና ለካ። ሦስተኛ ለካ።]

ሽፈራው፦ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት።

ንዋይ፦ አማካይ ነው።

ሽፈራው፦ በዚህ በኩል ያለው ደረጃስ? ዝቅ ያለ ነው?

ንዋይ፦ ዝቅ ያለ ነው።

ሽፈራው፦ ለግራ ጉልበት?

[ንዋይ እርሳሱን መቅረጽ ጀመረ።]

ሽፈራው፦ ቅድም ያን ሁሉ ስትጠይቀኝ ታውቅ ነበር?

ንዋይ፦ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት ሲሉ ጠረጠርኩ። ግራ ጉልበት ሲሉ ጻፍኩት። ዓሣ ሲሉ መጠርጠሬን ጨረስኩ።

ሽፈራው፦ ታዲያ ምን ነበር ብትነግረኝ?

ንዋይ፦ በደንብ አላውቅህም አሉኝ።



ሽፈራው፦ ያ... ጅል፣ ሌባ ያልኩት...

ንዋይ፦ የደንበኛ ምስጢር አልናገርም። የእርስዎንም አልናገርም።

ሽፈራው፦ ደንቆሮ ያልኩትስ?

ንዋይ፦ እሱን ለራስዎ ነው ያሉት፤ ይቅርታውንም ከራስዎ ይጠይቁ።

ሽፈራው፦ [ኮፍያውን አወለቀ፤ ውስጡን አየው፤ መልሶ አደረገው] ያኔ... እንዲህ ያለውን እንግዳ ለምን ትጠሪዋለሽ... ማለቴ፣ ለምን ይጠሩታል ብለህ ስትጠይቃት... ምን አለች?

ንዋይ፦ "ሲያወራ ይደክመኛል፤ ዝም ሲል ግን ይጨንቀኛል" አሉ።

[ሽፈራው ዝም አለ። ከሰርቬት ከተነሣ ጀምሮ እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም። ላይኛው ፎቅ ላይ የአንድ ሰው የልብስ ማጠቢያ ሲሽከረከር ይሰማል።]

ንዋይ፦ ጋሼ፣ ደህና ነዎት?

ሽፈራው፦ መቼ ነው የምትመጣው?

ንዋይ፦ ማን?

ሽፈራው፦ አታድርቀኝ! ፕላኗን ልታይ መቼ ትመጣለች?

ንዋይ፦ ሥራ መጀመሬን ሳሳውቃቸው። እኔም ያልጀመርኩት እርግጠኛ ስላልሆንኩ ነው፤ አንድ ልሥራ ወይስ ሁለት?

[ሽፈራው ተነሣ። ጉልበቱን አራገፈ። ወደ ቢጫው ፕላን ሄዶ ከመሃሉ መስመር ፊት ቆመ።]

ንዋይ፦ አንድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። አንድ አልጋ ወደዚህ፣ አንድ አልጋ ወደዚያ፣ ሦስት የድስት ሣጥን፣ ወንበሯ ከውጭ። ይበቃል። ከክብደቱ የሚያሳልፈን ያ ግድግዳ ብቻ ነው።

[ሽፈራው ጎንበስ ብሎ የመሃሉን ፕላስተር ጫፍ በጥፍሩ ያዘ። መቋሚያው ላይ ምልክት ባደረገበት ጥፍር ነው። ቀስ ብሎ መላጥ ጀመረ።]

ንዋይ፦ ጋሼ፣ ግድግዳው ይቅር ማለትዎ ነው?

ሽፈራው፦ [ፕላስተሩን እጁ ላይ እየጠቀለለ] ንዋይ፣ መልካም ሰው ትመስላለህ። ግን በደንብ ለማላውቀው ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ አልመልስም። የዓሣውን ሣጥን ብቻ እንዳትነካብኝ።